ከአዲስ አበባ ደሴ በሎንቺና፣ አራት ቀን ሙሉ

ከመንገዱ በፊት

ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ነው፣ ሰው ጠዋት ተነስቶ በዛው ቀን ገብቶ እራቱን እዛ ይበላል። እኛ አራት ቀን ፈጀብን፣ እሱም ከመነሳታችን በፊት የጠፋውን 11 ወር ሳንቆጥር ነው። ስለ 11 ወሩ ትንሽ ላውራና ወደ መንገዱ እገባለሁ።

መኪናዋ ኦኤም ሊዮንቺኖ የምትባል የጣልያን የጭነት መኪና ናት። ስሙ እኛ አፍ ላይ ሲሰባበር "ሎንቺና" ሆኖ ቀረ፣ በኋላ ለመለስተኛ አውቶብስ ሁሉ መጠሪያ ሆነና አሁን ብዙ ሰው ከየት እንደመጣ ሳያውቅ ይጠራዋል። ጣልያኖቹ እ.ኤ.አ. በ1950 ብሬሺያ ከተማ መስራት ሲጀምሩ ነው "የአንበሳ ደቦል" ብለው ስም ያወጡላት፣ አንበሳ የከተማው ምልክት ነዋ፣ ከሷ ቀጥለው የመጡትን ደግሞ የነብር ግልገል፣ ተኩላ፣ ድብ፣ አጋዘን እያሉ ፋብሪካውን ጫካ አደረጉት። የኔዋ እ.ኤ.አ. የ1960ዎቹ መጀመሪያ ስሪት ናት፣ አራት ሲሊንደር ናፍጣ፣ መሪዋ በቀኝ።

ያገኘኋት ቃሊቲ አንድ የእህል ወፍጮ ጓሮ ውስጥ ነው። 14 ዓመት ቆማለች። ጋቢናዋ ውስጥ ዶሮ ተፈልፍሎ አድጓል፣ ካሶኔው ላይ አፈር ተጠራቅሞ ሳር በቅሎበታል፣ ጎማዎቹ እስከ ቸርኬው መሬት ገብተዋል። ባለቤቱ "ለቆራሌው በኪሎ ልሸጣት ነበር" አለኝ፣ ሲቀልድ አልነበረም።

እኔ መካኒክ አይደለሁም፣ ቢሮ ውስጥ ነው የምሰራው። የማውቀው ጎረቤቴን ጋሼን ነው። ጋሼ 74 ዓመታቸው ነው፣ የደሴ ልጅ ናቸው፣ በ15 ዓመታቸው በእንደዚች አይነቷ ሎንቺና ላይ ረዳት ሆነው ነው ስራ የጀመሩት፣ ከዛ ሹፌር ሆነው የአሰብን መስመር በኤንትሬ፣ በትልቁ የፊያት ካሚዮን፣ ሲመላለሱበት ኖረው በ1990 ጦርነቱ ሲነሳና መንገዱ ሲዘጋ ጋራዥ ገቡ። ወስጄ አሳየኋቸው፣ ዙሪያዋን አንዴ ዞሯት።

"ሞተሩስ?" አሉኝ።

"አይዞርም።"

"አይዞርም ወይስ አላዞርከውም?"

ያው አላዞርኩትም ነበር። ኖዝሎቹን ፈተው በቀዳዳዎቹ ናፍጣና ዘይት ቀላቅለው ጨመሩና "እንግዲህ ተዋት" አሉ፣ በዘጠነኛው ቀን ረጅም ብረት ይዘን ስንገፋ ፑሊው የጣት ስፋት ያህል ተንቀሳቀሰ፣ እኔ ጮህኩ፣ እሳቸው ሻያቸውን ጠጡ። ስለ ሂሳብ ሳነሳባቸው "ሂሳብ አልፈልግም፣ ስትድን ደሴ እህቴ ቤት ድረስ በሷ ትወስደኛለህ፣ ለአጥሯ የሚሆን 15 ኩንታል ሲሚንቶ ትጭንልኛለህ፣ በቃ" አሉኝ። ርካሽ መስሎኝ ነበር።

ሲሊንደሩ ተቀይሮ የፒስተን ፋሻው ተገጠመ፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮን፣ ማለት የሞተሩ ራስ ማሸጊያ፣ ሶማሌ ተራ ሶስት ሳምንት ተፈልጎ በጣልያንኛ ከተጻፈበት ወረቀት ሳይወጣ አንድ መደርደሪያ ስር ተገኘ፣ ላሜራውን ባትላሜራው አንድ ወር ደበደበው። እሱ ሁሉ ቀላሉ ነው። 11 ወሩን የበላው ፍሬኑ ነው። የፍሬን ሲሊንደሮቹ ውስጣቸው በዝገት ተበልቷል፣ ለነሱ የሚሆን ጎሚኒ፣ ያው የላስቲክ ማሸጊያው፣ ደግሞ የትም የለም፣ ያገኘነው ሁሉ ወይ ይሰፋል ወይ ይጠባል። ጋሼ ምን አሉ፣ "ለሲሊንደሩ ጎሚኒ ከምንፈልግ ለጎሚኒው ሲሊንደር እንስራለት"፣ በቃ ቶርኖ ቤት ተወሰደና ሲሊንደሮቹ ተቦርቡረው ውስጣቸው የናስ ቱቦ ተጠቀጠቀ፣ ቱቦው ገበያ ላይ እንደልብ ለሚገኝ ጎሚኒ ልክ ተደርጎ ተላገ። የፍሬን ሸራው በሙጫ አልተለጠፈም፣ በሪቬት ነው የተመታው፣ የሪቬቱ ራስ ከሸራው ወለል በታች ካልሰመጠ ታምቡሩን፣ ሸራው የሚይዘውን ክብ ብረት፣ እንደ ማረሻ ያርሰዋል ብለው አንዱን ሰራተኛ ሁለቴ አስፈቱት። እንደዛም ሆኖ ለቦሎ ምርመራ ሄጄ ሁለቴ ተመለስኩ፣ ሁለቱም ጊዜ በፍሬን።

ዓርብ፣ ህዳር 6 ቀን 2006

ጎህ ሳይቀድ ከቃሊቲ ወጣን። እኔ መሪ ላይ፣ ጋሼ መሀል፣ የእህቴ ልጅ በግራ በር በኩል፣ እሱ 19 ዓመቱ ነው፣ ረዳት ነህ ተብሏል፣ ቢሆንም ስልኩን ይነካካል። ሲሚንቶው ተጭኗል። ባዶዋን ብትሄድ ይሻላል ብዬ ነበር፣ ጋሼ ግን ባዶ መኪና ኋላዋ ስለሚዘል ፍሬን ሲያዝ ጎማው ይንሸራተታል፣ ጭነት መሬት ያስነክሳታል አሉ።

የቀኝ መሪ ነገር ከተማ ውስጥ አልገባኝም ነበር፣ ለገዳዲን ካለፍን በኋላ ገባኝ። እኛ ሀገር እስከ 1956 በግራ ነበር የሚነዳው፣ የጣልያን ካሚዮኖች ግን ሀገራቸው በቀኝ እየተነዳም መሪያቸው በቀኝ ነበር፣ ተራራ ላይ ሹፌሩ የመንገዱን ጠርዝ በደንብ እንዲያይ ተብሎ ነው። ገደሉን ታያለህ፣ ጥሩ። ከፊትህ ያለውን መኪና ለማለፍ ግን ምንም አይታይህም፣ ረዳቱን ማመን ነው።

"ባዶ ነው?"

"ባዶ ነው!"

"እርግጠኛ ነህ?"

"ኧረ ቆይ... አንድ ሲኖ እየመጣ ነው።"

ከዛ በኋላ ማንንም አላለፍንም። ሜዳ ላይ 40 ትሄዳለች፣ ከዛ በላይ ሲሆን የጋቢናው ወለል እግር ያደነዝዛል፣ ደግሞ ምን አስቸኮለን። አህያ የሚነዱ ልጆች እጃቸውን ያወዛውዙልናል፣ ሰንዳፋ ላይ አንድ ሽማግሌ መኪናዋን አይቶ ኮፍያውን አወለቀ፣ ሸኖ ላይ ቅቤ ገዛን፣ ለጋሼ እህት።

ጫጫ ልንደርስ ስንል ሞተሩ ያንቅ ጀመር። ነዳጅ ሰጥቻት አትቀበልም፣ ትንሽ ትሄድና ትሰንፋለች፣ ከዛ ቀጥ። እኔ ወርጄ ከስር የሚንጠባጠብ ናፍጣ ፈለግኩ፣ ደረቅ ነው። ጋሼ ሳቁብኝ። ከታንከሩ እስከ ፖምፓው ያለው መስመር ይስባል እንጂ አይገፋም፣ ስለዚህ ሲከፈት ናፍጣ አይወጣም፣ አየር ነው የሚገባው፣ ደረቅ የሆነውን ነው መጠርጠር ያለብህ አሉ። ጣታቸውን እያስኬዱ ፊልትሮው ጋ ያለችውን ቡሎን ያዙ፣ ስሯ ያለችው የመዳብ ሮንዴላ (ቀለበት) ደርቃ አልያዘችም። ትርፍ የለንም። መንገድ ዳር ቡና የምታፈላ ሴት አለች፣ ጋሼ ሮንዴላዋን በሽቦ ይዘው ከሰሉ ላይ አስቀመጧት፣ ሴትየዋ ምን እየሰሩ ነው ብላ አየችኝ፣ እኔም አላወቅኩም። ቀልታ ፍም ስትመስል ውሃ ውስጥ ጨመሯት። ብረት እንደዛ ቢደረግ ይጠነክራል፣ መዳብ ግን ይለሰልሳል፣ ሲጠብቅ ደግሞ እንደ ሊጥ ቦታውን ይይዛል። አየሩን በእጅ ፖምፓ አስወጥተን፣ ሶስት ሶስት ሲኒ ቡና ጠጥተን ተነሳን። እስከ ደሴ ጠብታ አየር አልገባም።

ደብረ ብርሃን ስንደርስ 9 ሰዓት አልፏል። 130 ኪሎ ሜትር ለማለት ያሳፍራል። ብርዱ የታወቀ ነው፣ ጋሼ ማታ ራዲያተሩን በጆንያ ሸፈኑት፣ ከዛ ደግሞ ሌላ ጆንያ ለራሳቸው ጠየቁ።

ቅዳሜ፣ ህዳር 7

ጠዋት ለመነሳት ሶስት ሙከራ፣ ከዛ ነጭ ጭስ፣ ሆቴሉ በሙሉ በረንዳ ላይ ወጣ። አንዱ እንግዳ "ቃጠሎ ነው?" ብሎ ጠየቀ።

ወደ ጣርማበር ሲወጣ ጭሱ ወደ ጥቁር ተቀየረ። 3,000 ሜትር ላይ ያለው አየር ባህር ዳርቻ ካለው በ30 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው፣ ፖምፓው ግን ያንን አያውቅም፣ የለመደውን ናፍጣ ይሰጣል፣ አየር ያጣው ናፍጣ ሳይቃጠል በጭስ ይወጣል። ስለዚህ ብትረግጥም አትጨምርም፣ ጭሱን ነው የምትጨምረው። ጋሼ "እግርህን አንሳ፣ እስክትጠራ አንሳ" ይሉኛል፣ እውነትም ሳነሳላት ጭሱ ቀነሰ ፍጥነቷ ያው ነው። ውሃውም እዛ ከፍታ ላይ 90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ ሁለት ጊዜ ቆመን አስቀዝቅዘናል፣ ቁመን ሳለ ጭላዳዎች ገደሉ አፋፍ ላይ ተሰልፈው ያዩናል፣ የእህቴ ልጅ ስልኩን ለመጀመሪያ ጊዜ ለጥሩ ነገር ተጠቀመበት።

ዋሻው ጋ ደረስን። ጣልያን በወረራው ዘመን የቆፈረው ነው፣ ርዝመቱ ከ500 ሜትር በላይ ነው፣ ውስጡ ጨለማ፣ ውሃ ከላይ ይንጠባጠባል፣ የኛ መብራት ደግሞ ከሻማ ትንሽ ይሻላል። ጋሼ ዋሻው ውስጥ ዝም አሉ። ወጣ ስንል ጉም ነው፣ ከጉሙ ስር ደግሞ ቁልቁለቱ።

እዚህ ጋ ስህተቴን ልናገር። ከዋሻው ከመውጣታችን በፊት ጋሼ "ሁለተኛ ያዝ" ብለውኛል። እኔ ሶስተኛ ላይ ነበርኩ፣ ትንሽ ልውረድና እይዛለሁ አልኩ በልቤ፣ መኪናዋ ቀስ እያለች ነበራ። ሁለት ኩርባ ወረድን፣ ድምጿ ከፍ ከፍ አለ፣ ፍሬን ነካ ነካ አደረግኩ፣ ሽታ መጣ፣ አሁን ሁለተኛ ላግባ ብዬ ፍሪሲዮን ረግጬ ካምቢዮውን አወጣሁት። አልገባም። የዚች መኪና ማርሽ እንደ ዘመናዊዎቹ ራሱ ፍጥነቱን አያስተካክልም፣ ወደ ታች ስትቀይር ዜሮ ላይ ፍሪሲዮኑን ለቀህ ነዳጅ ሰጥተህ እንደገና ረግጠህ ነው የምታስገባው፣ ሜዳ ላይ መቶ ጊዜ ሰርቼዋለሁ። እዛ ጋ ግን እጄ ረሳው። ጥርሱ ይጮሃል አይገባም፣ ዜሮ ላይ ነን፣ 15 ኩንታል ሲሚንቶ ከኋላ ይገፋል፣ በቀኜ በኩል ገደሉን ቁልጭ አድርጌ አየዋለሁ፣ የቀኝ መሪ ጥቅም።

ጋሼ አልጮሁም። በግራ እጃቸው የእጅ ፍሬኑን ሳቡ፣ በቀኝ እጃቸው የኔን እጅ ካምቢዮው ላይ ያዙና "ነዳጅ ስጣት፣ ብዙ፣ አሁን" አሉ። ሰጠኋት፣ ሞተሩ ጮኸ፣ እጄን ገፉት፣ ገባ። ጋቢናው ወደፊት ተንገጫገጨና ድምጿ ወርዶ እየተጎተተች መሄድ ጀመረች። ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ማንም አልተናገረም። ከዛ ጋሼ መስኮቱን እያዩ፣ "በምን ማርሽ ነው ይሄን ዳገት የምትወጣው?" አሉ። "በሁለተኛ" አልኩ። "እንግዲያ በሱ ነው የሚወረደው፣ ከላይ ተይዞ።"

ከኋላ አንድ አይሱዙ ክላክሱን እየነፋብን ተከተለን፣ ቦታ ሲያገኝ እየተሳደበ አለፈ። በሰው ፍጥነት ነው የወረድነው፣ ማለት ይቻላል በእግር። ደብረ ሲና ስንቆም ጋሼ አራቱም ጎማ ላይ ምራቃቸውን እየተፉ ዞሩ፣ ሶስቱ ዝም አሉ፣ የቀኙ የፊት ጎማ ቸስ አለ። ሸራው ጠብቆ ሁልጊዜ ታምቡሩን ይነካ ነበር ማለት ነው፣ ውሃ ልደፋበት ስል እጄን መቱኝ፣ የጋለ ታምቡር ውሃ ሲነካው ይሰነጠቃል። ቆሎ ገዝተን 40 ደቂቃ ተቀመጥን። ሲበርድ በክሪክ አንስተው የጠበቀውን ሸራ አላሉት። ቅድም ከገባንበት ነገር በኋላ እጄ ለመረጋጋት ከታምቡሩ በላይ ጊዜ ፈልጓል።

ሸዋ ሮቢት ስንገባ ሙቀቱ ፊት ላይ እንደ ምድጃ ነው፣ ጠዋት የነበርንበት ብርድ የሌላ ሀገር መሰለ። ማታ ከተማው በሙሉ ቴሌቪዥን ያለበት ቤት ውስጥ ነበር፣ ዋልያዎቹ ካላባር ላይ ከናይጄሪያ ጋር ለዓለም ዋንጫ የሚጫወቱበት ቀን ነዋ። 2 ለ 0። ሲያልቅ ሰዉ ዝም ብሎ ወንበሩን እያነሳ ወጣ። የእህቴ ልጅ አለቀሰ፣ ጋሼ "ተው እንግዲህ፣ አንተ እኮ ገና ብዙ ታያለህ" አሉት።

እሁድ፣ ህዳር 8

ሰንበቴ በገበያዋ ቀን ገባን። ስሟ ራሱ እሁድ ነው። ከቆላው አፋር፣ ከደጋው አማራ፣ መሀል ላይ ኦሮሞ፣ ግመል፣ ፍየል፣ አሞሌ፣ ሽንኩርት፣ ሁሉም መንገዱ ላይ ነው፣ 300 ሜትር ለማለፍ አንድ ሰዓት። ግመል ፍሬቻ አያሳይም። አንድ የአፋር ሽማግሌ የመኪናዋን ግንባር በመዳፉ መታ መታ አደረገና ለጋሼ አንድ ነገር አላቸው፣ ጋሼም በአፋርኛ መለሱለት፣ እንደሚችሉ አላውቅም ነበር። የአሰብ መንገድ ሲሉ የነበረው እሱን ነው ለካ።

ካራቆሬ አካባቢ የኋላ ጎማ ፈነዳ። ካላማዳሪያው፣ የውስጡ ጎማ፣ ነው እንጂ ላስቲኩ ደህና ነው። ጎሚስታው ወጣት ልጅ ነው፣ የቸርኬውን ቀለበት ሲያይ "ይሄን አልነካም" አለ፣ ልክ ነው፣ የድሮ ቸርኬ ጎማውን የሚይዘው ዙሪያውን በገባ የብረት ቀለበት ነው፣ ንፋስ ሲሞላ ቀለበቱ በደንብ ካልተቀመጠ ተወርውሮ ሰው ይገድላል። ጋሼ ሰንሰለት በቸርኬውና በጎማው ዙሪያ ጠመጠሙበት፣ ቀለበቱ ወደ መሬት እንዲያይ ገልብጠው አስተኙት፣ ሁላችንንም አርቀው በረጅም የንፋስ ቱቦ ሞሉት። ጠቅ አለና ተቀመጠ። ጎሚስታው ገንዘብ አልቀበልም ብሎ ነበር፣ አስጨበጥነው።

ከሚሴን፣ ሐርቡን አልፈን ማታ ኮምቦልቻ። ስለዛ ቀን ሌላ የምለው የለኝም፣ ተኝቼ ነው የበላሁት።

ሰኞ፣ ህዳር 9

የቀረን 25 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፣ ግን የሐረጎ ዳገት መሀል ላይ ተቀምጧል። ከኮምቦልቻ ደሴ ወደ 600 ሜትር ከፍታ ትወጣለህ፣ ኩርባ በኩርባ።

ሌሊት ሳስብ ነበር። ጋሼ ሒሳብ አልፈልግም ሲሉ በልባቸው ሐረጎን ራሳቸው ሊነዱት ፈልገው ይሆናል ብዬ ገመትኩ፣ ስለዚህ ጠዋት ቁልፉን ዘረጋሁላቸው።

"ጋሼ፣ ይሄን እርስዎ ይውጡት።"

ቁልፉን አላዩትም። "ዓይኔ የት አለና" አሉ። ከዛ የእህቴን ልጅ በግራ በኩል ካለው ወንበር አስነሱት፣ መሀል አስቀመጡት፣ እሳቸው በሩ ጋ ሆኑ፣ ከወንበሩ ስር ታኮውን አወጡና ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። የወይራ ግንድ ነው፣ ራሳቸው ጠርበውት ነው የመጡት፣ እኔ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ አራት ቀን ሙሉ ከእግሬ አጠገብ ሲንከባለል ነበር።

ሁለተኛ ያዝኩ፣ ከታች። አንዴም አልቀየርኩም። ሶስተኛው ኩርባ ላይ ከላይ የመጣ አውቶብስ መንገዱን ስለያዘው ዳገቱ መሀል ቆምኩ፣ ገና ሳልቆም የግራ በር ተከፍቷል። የ74 ዓመት ሰው ከምትሄድ መኪና ሲወርድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ልጁ "ጋሼ!" ብሎ ጮኸ። በስፔኪዮ ሳይ ጎንበስ ብለው ታኮውን የኋላ ጎማ ስር ከተዋል፣ ካሶኔውን በመዳፋቸው ሁለቴ መቱ። አውቶብሱ አለፈ። ነዳጅ ሰጥቼ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብዬ ስለቅ ወደ ኋላ የጣት ስፋት አልተንሸራተተችም። ታኮውን አንስተው እየሮጡ፣ እሺ እየሮጡ አይባልም፣ ፈጠን ብለው፣ መርገጫው ላይ ወጡ፣ በሩን ይዘው ቆመው ነው የመጡት እስከሚቀጥለው ኩርባ። እንደዚህ ሁለት ጊዜ ወረዱ። ግቡ ብላቸውም አልሰሙኝም።

ደሴ አምስት ሰዓት ላይ ገባን፣ ጦሳ ከላይ ደመና ለብሷል። የእህታቸው ቤት ገደላማ መንደር ውስጥ ነው፣ መንገዱ ጠባብ፣ ደሴ መቼም ሜዳ የላትም። እህታቸው ነጠላቸውን እያስተካከሉ ከግቢ ወጡ፣ መኪናዋን አዩ፣ ወንድማቸውን አዩ፣ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ጋሼ ግን ገና ሰላም አላሏቸውም። ሞተሩን እንዳጠፋሁ ወርደው ታኮውን ከኋላ ጎማው ስር አስገቡ፣ በጫማቸው አንዴ መታ አድርገው መያዙን አዩ፣ ከዛ ነው ዞር ብለው እህታቸውን ያቀፉት።

ሲሚንቶውን እስከ 8 ሰዓት አራገፍን።